ካሴት የሚበላው ጎማ፦ የቆየ ድምፅ ከመጫወቱ በፊት ሊታይ የሚገባው የቴፕ ክፍል

በውጭ አገር በሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት፣ ከቁም ሣጥን ሥር ወይም ከዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ጥግ፣ በካርቶን የታሸጉ ካሴቶች ይገኛሉ። ከፊሎቹ የሙዚቃ ካሴቶች ናቸው። ሌሎቹ ግን በየትኛውም ሱቅ አይገዙም። ዓለም አቀፍ ስልክ ውድ፣ ደብዳቤም ዘገምተኛ በነበረበት ዘመን ቤተሰብ ሰላምታውን፣ ወቀሳውንና ምርቃቱን በካሴት እየቀረጸ በተጓዥ እጅ ይልክ ነበር። የሠርግ ዘፈን፣ የአያት ትረካ፣ ቀረርቶና ፉከራ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ወላጆች ድምፅ በእነዚህ ካሴቶች ላይ ተቀምጧል። ብዙዎቹም ሁለተኛ ቅጂ የላቸውም።

ከዓመታት በኋላ ካሴቱን ለማዳመጥ የሚነሣ ሰው በአብዛኛው የሚሰጋው ለካሴቱ ዕድሜ ነው። ቴፑ ግን ሳይሠራ ስለቆየ «እንዳልተነካ» ይቆጠራል። እውነታው ወደ ተቃራኒው ያደላል። ደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ የተቀመጠ ጥሩ ካሴት ከ30 እና ከ40 ዓመት በኋላም ድምፁን ሊሰጥ ይችላል። በማጫወቻው ውስጥ ያሉት የጎማ ክፍሎች ግን ቴፑ አንድም ቀን ባይከፈት እንኳ ያረጃሉ። ያረጀ ጎማ ደግሞ ራሱ ተበላሽቶ ብቻ አያቆምም፤ የገባለትን ካሴት ይዞ ይጠፋል። «ቴፑ ካሴቱን በላው» የሚባለው የተለመደ አደጋ መነሻው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ጎማው በቴፕ ውስጥ ምን ይሠራል?

የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ የዛሬውን ካሴት ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 በርሊን በተካሄደ የሬዲዮ ዐውደ ርዕይ ላይ ነበር። በውስጡ ያለው ቡናማ ክር ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የ90 ደቂቃ ካሴት ክር ውፍረቱ 12 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ሺህ ማይክሮን አንድ ሚሊ ሜትር መሆኑን ማስታወስ ቅጥነቱን ለመገመት ይረዳል። የ60 ደቂቃ ካሴት ርዝመት ደግሞ ወደ 86 ሜትር ይጠጋል። ይህ ቀጭንና ረዥም ክር በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ ድምፁን በሚያነበው ሄድ ፊት ማለፍ አለበት።

ብዙ ሰው ክሩን የሚጎትቱት ሁለቱ መጠቅለያዎች ይመስሉታል። መጠቅለያው ግን ክር በተጠመጠመበት ቁጥር እየወፈረ ስለሚሄድ ፍጥነቱን እኩል አድርጎ ሊጠብቅ አይችልም። ፍጥነቱን የሚወስነው ካፕስታን የሚባል ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ ሳያቋርጥ ይሽከረከራል፤ ፒንች ሮለር የሚባል ትንሽ የጎማ ተሽከርካሪ ደግሞ ክሩን በዘንጉ ላይ ይጫነዋል። ክሩ በብረቱና በጎማው መካከል ተይዞ በእኩል ፍጥነት ያልፋል። ከሄዱ ያለፈውን ክር የቀኙ መጠቅለያ ወዲያው ይሰበስበዋል።

የሞተሩን ኃይል ወደ ካፕስታኑና ወደ መጠቅለያዎቹ የሚያደርሱትም የጎማ ክፍሎች ናቸው። በብዙ ቴፖች ውስጥ ሞተሩን ከከባዱ የካፕስታን መዘውር ጋር የሚያገናኝ ቺንጋ አለ። አንዳንዶቹ መጠቅለያውን የሚያዞሩት በሌላ ቺንጋ ነው፤ አንዳንዶቹ ዙሪያው ጎማ በለበሰና አይድለር በሚባል ትንሽ መንኮራኩር ይጠቀማሉ።

የአደጋው አመጣጥ ከዚህ አሠራር ግልጽ ይሆናል። መጠቅለያውን የሚያዞረው ቺንጋ ወይም አይድለር ሲዳከም ካፕስታኑ ክር መልቀቁን ይቀጥላል፤ የሚሰበስበው ግን የለም። የተለቀቀው ክር በጠባቡ ቦታ ይከማቻል፣ በዘንጉና በጎማው ላይ ይጠመጠማል፣ ይጨማደዳል፤ አንዳንዴም ይበጠሳል። ፒንች ሮለሩ ራሱ ተጣባቂ ከሆነ ደግሞ መጠቅለያው ደህና ሆኖም እንኳ ክሩን ይዞ ወደ ውስጥ ሊዞር ይችላል።

ጎማ ለምን ያረጃል?

ከዛፍ የሚገኘው ጥሬ ጎማ በሙቀት የሚቀልጥ፣ በብርድ የሚደድር ነገር ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ማሞቅ ጠባዩን እንደሚለውጠው ደረሰበት። ጎማ ረዣዥም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ስብስብ ነው። ድኙ በሰንሰለቶቹ መካከል ድልድይ ይሠራል፤ ጎማው ሲለጠጥ ሰንሰለቶቹ ይዘረጋሉ፣ ሲለቀቅ ድልድዮቹ ወደ ቦታቸው ይመልሷቸዋል። በኋላ የመጡት እንደ ኒዮፕሪን ያሉ ሰው ሠራሽ ጎማዎችም ልጥጠታቸውን የሚያገኙት ሰንሰለቶቻቸው እርስ በርስ ከመተሳሰራቸው ነው።

የእርጅናው ሂደት ይህንን ሚዛን ያፈርሳል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቀስ በቀስ ከጎማው ጋር ይዋሐዳል። በአንዳንድ የጎማ ዓይነት አዳዲስ ድልድዮች እየበዙ ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ጎማው ይጠጥራል፣ ያብረቀርቃል፣ መያዝ ያቅተዋል። በሌላው ሰንሰለቶቹ ይበጣጠሳሉ፤ ጎማው ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል። ኦዞን የተባለው ጋዝ በጥቂቱም ቢሆን በተለይ በተወጠረ ጎማ ላይ ስንጥቅ ያበጃል፤ ቺንጋ ደግሞ ሥራው ተወጥሮ መኖር ነው። ጎማው ለስላሳ እንዲሆን ሲመረት የተጨመሩበት ማለስለሻ ዘይቶችም ከጊዜ ብዛት ወደ ላይ ወጥተው ይተናሉ ወይም ይታጠባሉ።

ሌላው ችግር ቅርጽ መያዝ ነው። ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ቺንጋ በሞተሩ ጠባብ መዘውር ላይ የታጠፈበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ሲሽከረከር በእያንዳንዱ ዙር ያ እጥፋት ይንገጫገጫል፣ ድምፁም ይዋልላል። ፒንች ሮለርም ከካፕስታኑ ጋር እንደተጫነ ከቆየ ጎድጓዳ ምልክት ያበጅበታል። ይህ በሚጫኑ ቁልፎች በሚሠሩ ቴፖች ላይ የተለመደ ነው፤ መብራት በጠፋ ጊዜ የማጫወቻው ቁልፍ እንደተጫነ ይቀራል፣ ባለቤቱም ሳያስተውል ቴፑን ሸፍኖ ያስቀምጠዋል።

የተቀመጠበት አገር አየርም ድርሻ አለው። የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት በጥቅሉ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር እጥፍ እንደሚሆን ይገመታል። ስለዚህ በባሕረ ሰላጤው አገሮች አየር ማቀዝቀዣ በሌለው ዕቃ ቤት የቆየ ቴፕ፣ ወይም በጋውን በመኪና ውስጥ ያሳለፈ ማጫወቻ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ከተቀመጠው አቻው ቀድሞ ያረጃል። በአሜሪካና በአውሮፓ ምድር ቤቶች የሚያይለው እርጥበት ደግሞ ከፖሊዩሬቴን የተሠሩ ቺንጋዎችን ያጠቃል። የውኃ ሞለኪውል የፖሊዩሬቴኑን ሰንሰለት ይበጥሰዋል፤ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተሠሩ ቴፖች ከፊሎቹ ሲከፈቱ ቺንጋቸው እንደ ሬንጅ ቀልጦ በመዘውሩ ላይ ተጣብቆ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ምልክቶቹ

የጎማ ችግር ራሱን በድምፅ ይገልጣል። ሞተሩ ሲዞር እየተሰማ ካሴቱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ቺንጋው ተበጥሷል፣ ቀልጧል ወይም እጅግ ላልቷል። ካሴቱ እየተጫወተ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መጠቅለሉ ብቻ ከደከመ አይድለሩን ወይም የመጠቅለያውን ቺንጋ መጠርጠር ይገባል፤ ፈጣኑ ጥቅልል ብርቱ ጉልበት ስለሚጠይቅ ድካሙ ቀድሞ የሚታየው በእርሱ ላይ ነው። የዘፋኙ ድምፅ የሚንቀጠቀጥ ወይም የክራሩ ቃና የሚዋልል ከሆነ ቺንጋው፣ ፒንች ሮለሩ ወይም ሁለቱም እኩል አይዞሩም ማለት ነው።

ጆሮ ለዚህ ስሕተት ንቁ ነው። ፍጥነቱ በ6 በመቶ ገደማ ሲለወጥ ሙዚቃው በግማሽ ቃና ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። በንግግር ላይ ደግሞ የሚያውቁት ሰው ድምፅ እንግዳ ይሆናል፤ የእናት ድምፅ ከሚታወሰው ወፍሮ ወይም ቀጥኖ ሲሰማ አድማጩ የገዛ ትዝታውን ይጠራጠራል። ጥፋቱ ግን የላላ ቺንጋ ወይም ፍጥነቱ ያልተስተካከለ ሞተር ሊሆን ይችላል።

ዓይንም ይረዳል። የካሴቱን በር ከፍቶ በፋኖስ መብራት ፒንች ሮለሩን ማየት ብዙ ያስረዳል። ጤነኛ ጎማ ጥቁርና ደብዘዝ ያለ ነው። በመካከሉ ቡናማ ቀለበት ከታየ ከክሩ የረገፈ የብረት ኦክሳይድ ተጋግሮበታል። እንደ መስተዋት ካበራ ጠጥሯል። ስንጥቅ፣ ጎድጓዳ ምልክት ወይም ተጣባቂነት ካለው ማጽዳት አያድነውም፤ መለወጥ አለበት።

ማጽዳት፦ ለብረቱ አንድ፣ ለጎማው ሌላ

ከሁሉ በፊት ቴፑ ከኤሌክትሪክ ይነቀላል፣ ባትሪ ካለውም ይወጣል። ለማጽዳት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ ብናኝ የማይተው ንጹሕ ጨርቅ፣ ጥቂት ውኃ፣ አንድ ጠብታ ለስላሳ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ እንዲሁም ንጥረቱ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል። በፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 70 በመቶ አልኮል ቀሪው በአብዛኛው ውኃ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ተመራጭ አይደለም።

አልኮሉ ለብረት ክፍሎች ነው። ጥጡ በአልኮል ርሶ፣ ሳይንጠባጠብ፣ ሄዱና ካፕስታኑ በቀስታ ይታሻሉ፤ ጥጡ ቡናማ ቀለም መያዙን እስኪያቆም ድረስ እየተለወጠ ይደገማል። ካፕስታኑ ዙሪያውን እንዲጸዳ በጣት እየተገፋ ወይም መዘውሩ እየዞረ መታሸት አለበት። በዘንጉ ላይ የቀረ ትንሽ እድፍ የዘንጉን ውፍረት ስለሚለውጥ ፍጥነቱን ያናጋል።

ለፒንች ሮለሩ የሚሻለው ውኃና ሳሙና ነው። አልኮል እድፉን ቶሎ ቢያነሣም ሲደጋገም የጎማውን ማለስለሻ ይወስዳል፤ ስለዚህ ቴክኒሻኖች በአጠቃቀሙ አይስማሙም። አንዳንዶቹ በጥቂቱ ነክተው ወዲያው ያደርቁታል፤ ሌሎቹ ጨርሶ አያስጠጉትም። ለቤት ውስጥ ሥራ ጥንቃቄው ያዋጣል። ጨርቁ በሳሙናው ውኃ ጥቂት እርጥብ ተደርጎ ሮለሩ እየዞረ ይታሻል፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ሳሙናው ይነሣል፤ በመጨረሻም በደረቅ ጨርቅ ይጠረግና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል። እርጥብ ሮለር ክር ይዞ ይዞራል።

ጎማ ፈጽሞ ሊነካቸው የማይገቡ ነገሮች አሉ። ቤንዚን፣ ቲነርና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጎማውን ያሳብጣሉ፣ አካባቢውን ፕላስቲክም ያቀልጣሉ። እጅ የደረሰበት ሽቶ ወይም አረቄ ዘይትና ስኳር ትቶ ሊሄድ ይችላል። «እንዲለሰልስ» ተብሎ የሚቀባ ዘይት፣ ቫዝሊን ወይም ግራሶ ደግሞ ጎማው እንዲንሸራተት ያደርጋል፤ ከዚያም ወደ ክሩ ይሻገራል። ለጎማ ማደሻ ተብለው የሚሸጡ ፈሳሾች የጠጠረን ጎማ ለጊዜው ያለሰልሳሉ፤ ያረጀውን የሞለኪውል ሰንሰለት ግን አይመልሱም። አዲስ ክፍል እስኪገኝ ድረስ ለአይድለር ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ አንድ ቅጂ ብቻ ላለው ካሴት ግን በእነርሱ መተማመን አይገባም።

የብርጭቆ ወረቀት አጠቃቀምም እንደ ክፍሉ ይለያያል። ያበራ አይድለር በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ሲታሽ መያዣው ሊመለስ ይችላል። ፒንች ሮለር ግን ፍጹም ክብ ሆኖ መቆየት አለበት። በእጅ የተፋቀ ሮለር ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብል ክሩን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ጠርዙንም ያጥፈዋል።

ቺንጋው ሲለወጥ

የላላ ቺንጋ ታጥቦ ወይም ተቀቅሎ ቢጠብቅ ለጥቂት ቀን ነው፤ ትክክለኛው መፍትሔ መለወጥ ነው። ቺንጋዎች በቴፑ ሞዴል ቁጥር ተፈልገው ሊገዙ ይችላሉ፤ ዋጋቸውም በአብዛኛው ዝቅተኛ ነው። በሞዴል ቁጥር ካልተገኘ የአሮጌው ቅርጽ፣ ስፋትና ውፍረት ይለካል። አሮጌው ስለተለጠጠ አዲሱ ከእርሱ ጥቂት አጠር ማለት ይኖርበታል። ከልክ በላይ የጠበቀ ቺንጋ የሞተሩን መያዣ ይፈትናል፤ የላላውም ይንሸራተታል። የቢሮ ላስቲክ ወይም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ ድምፁን ያንቀጠቅጣል፤ ቶሎም ይበጠሳል።

ቺንጋው ቀልጦ ከሆነ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ሬንጅ የሚመስለው ቅሪት ቆዳንና ልብስን ስለሚያጠቁር ጓንት ይለበሳል፤ ወፍራሙ በእንጨት ስንጥር ይነሣል፤ ቀሪው በአልኮል በራሰ ጥጥ እየተጠረገ ከእያንዳንዱ መዘውር ይጸዳል። ትንሽ ቅሪት ከቀረ አዲሱ ቺንጋ በእርሱ ላይ ይንገጫገጫል። ቴፑ ሲፈታ የእያንዳንዱን ደረጃ ፎቶግራፍ በስልክ ማንሣት ቺንጋው በየት በየት እንደሚያልፍ ለማስታወስ ይጠቅማል። ቴፑ በቀጥታ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ የኃይል ክፍሉን መንካት አደገኛ ነው፤ ካቻቪቴ ይዞ ያልለመደ ሰው ለባለሙያ ቢሰጠው ይሻላል።

የመጀመሪያው ካሴት የትኛው ይሁን?

የጸዳና የተጠገነ ቴፕ መጀመሪያ የሚፈተነው ቢጠፋ በማይቆጭ ካሴት ነው። ሁለቱም ገጽ እስከ መጨረሻው ይጫወታል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይጠቀለላል። ክሩ ሳይጨማደድ፣ ድምፁም ሳይዋልል ካለፈ ብቻ የከበረው ካሴት ተራ ይደርሳል።

ካሴቱም የራሱ ምርመራ አለው። ክሩን በሄዱ ላይ የሚጫነው ትንሽ ንጣፍ ወልቆ እንደሆነ ይታያል። በካሴቱ ጀርባ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ካልተሰበሩ ይሰበራሉ፤ ያን ጊዜ በስሕተት የመቅጃ ቁልፍ ቢጫንም ቴፑ አዲስ ድምፅ አይቀርጽበትም። የላላው ክር በእስክሪብቶ እየዞረ ይወጠራል፤ ይህ የድሮ ልማድ በሚገባ የተመሠረተ ነው፤ የላላ ክር በመጀመሪያው ዙር ወደ ጎማው ለመግባት ቅርብ ነው።

ከዚያ በኋላ መጫወቱ ከመቅዳቱ ጋር አንድ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር፣ በምሕጻሩ ኢያሳ፣ ለዲጂታል ቅጂ ቢያንስ 48 ኪሎ ኸርትዝ እና 24 ቢት እንዲሆን ይመክራል። ቅጂው ሳይጨመቅ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ቢቀመጥ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

ጊዜው ለምን ያስቸኩላል?

የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት በማግኔት ክር ላይ ያሉ ቅርሶች እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ ዲጂታል ካልተለወጡ ብዙዎቹ እንደሚጠፉ አስጠንቅቆ ነበር። ኢያሳም ከዩኔስኮ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ተመሳሳይ የማንቂያ ጥሪ አቅርቧል። ቀኑ የተቆረጠው ክሩ በዚያ ዓመት ሥራ ያቆማል ተብሎ አይደለም። ማጫወቻው፣ መለዋወጫውና ጥገናውን የሚያውቀው ባለሙያ እየጠፉ መሄዳቸው ነው ዋናው ስጋት። ሶኒ በጃፓን ለገበያ ያቀርበው የነበረውን የካሴት ዎክማን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ዛሬ በአዲስነት የሚሸጡት ማጫወቻዎችም በአብዛኛው ቀላል አሠራር ያላቸው ሲሆኑ በጥራት ከቀድሞዎቹ ምርጥ ቴፖች አይደርሱም።

አንድ ካሴት ምን ሊያተርፍ እንደሚችል ከኃይሉ መርጊያ ታሪክ መረዳት ይቻላል። ሙዚቀኛው እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ ሳለ «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘውን የአኮርዲዮንና የኪቦርድ ሥራውን ሠራ። ከዓመታት በኋላ አሜሪካዊው ብራየን ሺምኮቪትዝ ካሴቱን ባሕር ዳር ላይ አገኘው፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። በዋሽንግተን ታክሲ ሲያሽከረክር የነበረው ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ።

የቤተሰብ ካሴት እንዲህ ያለ ዕድል አይጠብቀውም፤ ከባለቤቱ በቀር ፈላጊ የለውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ቢታወቅ ይጠቅማል። በገበያ ላይ በሌላ ቅጂ የሚገኙት ዘፈኖች ይቆያሉ፤ ሁለተኛ ቅጂ የሌላቸው የቤተሰብ ድምፆች ይቀድማሉ። ሲቀዱም ማን እንደሚናገር፣ የት አገርና በየትኛው ዓመት እንደተቀረጸ፣ ድምፁን ለይተው የሚያውቁ ታላላቆች ሳሉ ተጠይቆ በፋይሉ ስም ላይ ይጻፋል። ቅጂው ከተረጋገጠ በኋላ ካሴቱ ከሙቀትና ከድምፅ ማጉያ ማግኔት ርቆ በደረቅ ቦታ ይቀመጣል፤ ቴፑም የማጫወቻው ቁልፍ ተለቅቆ፣ ፒንች ሮለሩ ከካፕስታኑ ተላቅቆ ይሸፈናል፤ በየጥቂት ወሩም ጎማዎቹ በአንድ ቅርጽ እንዳይደርቁ ለጥቂት ደቂቃ እንዲዞር ይደረጋል።